ጉዳዩ፦ በአባቱ ስም ሲጽፍልን ስለ ከረመው ተማሪና ስለ ቅዳሜው የወላጆች ስብሰባ

ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች

ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረሳችሁ። ዛሬ የነቢያት ጾም ለገባላችሁ ሁሉ መልካም ጾም። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ፈተና ታርሞ አልቋል፤ ካርዱም ተዘጋጅቷል። ስለ ውጤቱ ቅዳሜ ፊት ለፊት እንነጋገራለን። ከዚያ በፊት ግን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። የልጁ አባት ስም እስካልጠቀስኩ ድረስ እንድጽፈው ፈቅደውልኛል።

እንደምታውቁት ዘንድሮ ትምህርት ሲጀመር የመገናኛ ደብተሩን አስቀርተን ለወላጆች የምንልከውን መልእክት ሁሉ ወደ ቴሌግራም አዛወርን። በአምስተኛ ክፍል አንድ አባት ከሁሉም ወላጆች ቀድመው ይመልሱልን ነበር። መምህሯ መልእክት ከላከች አንድ ደቂቃ ሳይሞላ «እሺ መምህርት፣ እከታተለዋለሁ፤ እግዚአብሔር ያክብርልን» የሚል መልስ ይመጣል። ልጁ የሒሳብ የቤት ሥራ አልሠራም ሲባሉ «ትናንት አሞት ስለ ነበር ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ» ይላሉ። ትምህርት ቤት ይምጡ ሲባሉ «ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቻለሁ» ይላሉ። እኔም በመምህራን ስብሰባ ላይ እኚህን አባት እንደ ምሳሌ አነሣኋቸው።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ አባትየው የባንክ ደረሰኝ ይዘው ቢሮዬ መጡ። ከወንበሬ ተነሥቼ አመሰገንኳቸው። ግራ ተጋብተው አዩኝ። ቴሌግራም የላቸውም፤ ስልካቸው ለመደወልና ለመቀበል ብቻ የሚሆን ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። በመዝገባችን ላይ ያለው ቁጥር ልጁ ከሰርቪስ ሲወርድ እንዲደውል ተብሎ የተሰጠው አሮጌ ስማርት ስልክ ሆኖ ተገኘ። የምዝገባውን ቅጽ ወደ ቤት የወሰደው ልጁ፣ የሞላው ልጁ፣ የመለሰውም ልጁ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ስለ አንድ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ጠባይ ከራሱ ከልጁ ጋር ስንመካከር ከርመናል ማለት ነው።

መምህሯ በኋላ የነገረችኝን ሳስታውስ እስካሁን እስቃለሁ፤ «ሲስተር፣ መጠርጠር ነበረብኝ፤ ወላጅ እንዲህ በትሕትና ጽፎልን አያውቅም» አለችኝ።

ልጁ ተቀጥቷል፤ ቅጣቱ ቀላል ነው፤ እስከ ገና ድረስ የመገናኛ ደብተሩን በየቀኑ ለአባቱ እያነበበ ያስፈርማል። የሚከብደኝ የራሳችን ጥፋት ነው። ቁጥሩ የማን እንደሆነ ደውለን አላረጋገጥንም። ቶሎ የሚመልስ ወላጅ በማግኘታችን ደስ ብሎን ድምፁን እንኳን ሰምተን እንደማናውቅ ዘነጋን። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ይህን የምጽፈው በቴክኖሎጂ ላይ ለማማረር እንዳይመስላችሁ። ፈተና በስቴንስል ሲባዛ እጇ በቀለም ይጠቁር የነበረች የሒሳብ መምህርት ነኝ፤ የማተሚያ ማሽን ወደ ትምህርት ቤታችን የገባ ቀን እልል ካሉት አንዷ እኔ ነበርኩ። የኮምፒውተር ክፍላችን ይቀጥላል፤ ውጤት በስልክ ማየትም ይቀጥላል። ሰርቪስ መንገድ ላይ ሲበላሽ በአንድ መልእክት ሁላችሁንም ማሳወቅ መቻላችን ቀላል ነገር አይደለም። ያልወደድኩት፣ መልእክቱ ሲመጣ ሰው መቅረቱን ነው። ደብተሩ በነበረበት ዘመን ፊርማ አጠራጣሪ ሲሆን ወላጅ እናስጠራ ነበር። አሁን መልእክቱ መነበቡን የሚያሳየውን ሁለት የራይት ምልክት ካየን ለወላጅ የደረሰ ይመስለናል።

የምትኖሩበትንም ሁኔታ አውቃለሁ። ብዙዎቻችሁ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣላችሁ ከመሐል ከተማ ወደዚህ መጣችሁ። ሥራችሁ ግን እዚያው መርካቶ፣ ፒያሳ፣ ሜክሲኮ ቀረ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ታክሲ ተራ የምትቆሙ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ቤት የማትደርሱ አላችሁ። በቀድሞው ሠፈር ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በር ላይ አያት ነበረች፤ አያት ባትኖር ቡና የምታፈላ ጎረቤት ነበረች፤ እሷም ባትኖር «የማን ልጅ ነህ? ለምን ደብተርህን ትጥላለህ?» ብሎ የሚቆጣ ባለሱቅ አይጠፋም። አራተኛ ፎቅ ላይ እነዚህ ሁሉ የሉም። በእነሱ ቦታ የገባው ስልክ ነው። ልጁ ዝም ይላል፣ ከቤት አይወጣም፣ እናንተም ባላችሁበት ሆናችሁ ትደውላላችሁ። ስልኩን ለምን ሰጣችሁ ብዬ አልፈርድባችሁም። ሞግዚት ስትቀጥሩ ግን ማንነቷን ታጣራላችሁ፤ የሚያውቃት ሰው ዋስ እንዲሆናት ትጠይቃላችሁ። ለስልኩ ዋስ የጠራ ወላጅ እስካሁን አላጋጠመኝም። ቲክቶክም ሆነ ፌስቡክ በራሳቸው ደንብ ከ13 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አካውንት አይፈቅዱም። የአራተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ግን እረፍት ላይ ስለ ተከታዮቻቸው ብዛት ይፎካከራሉ። ይህ ሊሆን የሚችለው ልጁ የልደት ዓመቱን ሲቀይር ወይም ትልቅ ሰው ሲቀይርለት ብቻ ነው።

ሌላው ጉዳይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤ.አይ.)፣ ጥያቄ ሲያስገቡለት መልሱን ጽፎ የሚሰጠው ፕሮግራም ነው። መስከረም ላይ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ሕዳሴ ግድብ ድርሰት እንዲጽፉ ታዘዙ። ግድቡ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ ልጆቹ በቴሌቪዥን አይተዋል፤ ብዙዎቹም ከቤተሰባቸው ጋር ጨፍረዋል። ከመጡት ድርሰቶች ሰባቱ «ግድቡ በአሁኑ ወቅት በግንባታ ላይ ይገኛል» ይላሉ። አማርኛቸው የተስተካከለ ነው፤ አንድም የፊደል ግድፈት የለባቸውም። አንዷን ተማሪ ጠርቼ «ግድቡ መመረቁን አታውቂም?» አልኳት። «አውቃለሁ ሲስተር» አለችኝ። «ታዲያ ለምን እንዲህ ጻፍሽ?» ስላት «እሱ እንደዚያ ስላለ» ብላ መለሰች።

ይህ መልስ ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኛል። ልጅቱ ሰነፍ አይደለችም። በዓይኗ ያየችውን ነገር ማሽኑ ስላስተባበለባት ዓይኗን ተወችው። እናቷን ሳነጋግር ደግሞ ጥያቄውን በስልካቸው ያስገቡት እሳቸው ራሳቸው ሆነው ተገኙ፤ «ከሥራ ደክሞኝ ገባሁ፤ ልጄም እንዳትቸገር ብዬ ነው» አሉኝ። ይህን ሲናገሩ ዓይናቸው እንባ ስላቀረረ ከዚያ በላይ አልተናገርኩም።

ቫቲካን ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ባወጣችው ሰነድ ትምህርትን የሚመለከት ክፍል አለ። ብዙዎቹ እነዚህ መሣሪያዎች ተማሪው ራሱ መልሱ ላይ እንዲደርስ ከመገፋፋት ይልቅ መልሱን አዘጋጅተው እንደሚሰጡት ያስጠነቅቃል። እኔ እንደ ሒሳብ መምህርት የምጨምረው አንድ ነገር ነው፦ ልጅ ተሳስቶ ሲሰርዝ፣ እንደገና ሲሞክር የሚታየው የእርሳስ ቆሻሻ ለመምህር ከመልሱ የበለጠ ይናገራል። የት ላይ እንደ ተደናቀፈ የማየው እዚያ ነው። ንጹሕ ገጽ ስታመጡልኝ ዓይኔን እየሸፈናችሁብኝ ነው።

ፈተናውም የራሱን ይናገራል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው መፈተን ሲጀምሩ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። የእኛ ልጆች በስድስተኛና በስምንተኛ ክፍል የከተማውን ፈተና ሲቀመጡ ከጎናቸው ስልክ አይኖርም፤ እናትም አትኖርም።

ስለዚህ የወሰንነው ይህ ነው። እስከ ስድስተኛ ክፍል የቤት ሥራ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ፈጽሞ አይሠራም። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ግን መምህሩ ባለበት በኮምፒውተር ክፍል ይጠቀሙበታል፤ ማሽኑ የሰጣቸውንም መልስ ስሕተቱን እየፈለጉ ያርሙታል። (የግድቡን ድርሰት ያረምነው በዚህ መንገድ ነው፤ ሰባቱም ልጆች እየሳቁ ነው የወጡት።) የቤት ድርሰት በእጅ ጽሑፍ ከነረቂቁ ይቀርባል፤ ተማሪውም የጻፈውን ክፍል ውስጥ በቃሉ ያስረዳል። ማስረዳት ካልቻለ ነጥብ አይያዝለትም። የመገናኛ ደብተሩም ከሰኞ ጀምሮ ይመለሳል። ቴሌግራሙ ለአስቸኳይ ማስታወቂያ ብቻ ይውላል፤ መብራት ሲጠፋና ኔትወርክ ሲቋረጥ ደግሞ ደብተር አያስቸግርም።

ስለ ቴሌግራም ቡድኖቻችን ሳላነሣ ባልፍ ደስ ባለኝ፤ አልቻልኩም። የክፍል ቡድን የተከፈተው ስለ ትምህርት ለመነጋገር ነው። የማለዳ ምርቃት በአበባ ሥዕል ተደርጎ ሲላክ መልካም ነው፤ አርባ ወላጅ አርባ ጊዜ «አሜን» ሲል ግን የፈተና ፕሮግራሙ ከሥር ይቀበራል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት መምህርን የሚወቅስ መልእክት የምትልኩም አላችሁ። መምህሩም የልጆች አባት ነው፤ በዚያ ሰዓት ተኝቷል።

በዚሁ ቡድን እኛም አጥፍተናል። በጥቅምት ወር የአንድ ክፍል የሙከራ ፈተና ውጤት ከነስም ዝርዝሩ ተለጠፈ። አንድ ወላጅ የመጨረሻውን ተማሪ ስም አክብቦ መልሶ ላከው። ያ ልጅ ሦስት ቀን ትምህርት ቤት አልመጣም። ዝርዝሩ ተሰርዟል፤ ዳግመኛም የማንም ተማሪ ውጤትም ሆነ ፎቶ በቡድን አይለጠፍም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ነገሩ የጨዋነት ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ሕግም አለበት። እናንተም የሌላ ሰው ልጅ የሚታይበትን የበዓል ቪዲዮ ከመልቀቃችሁ በፊት ወላጁን ጠይቁ።

ትምህርት ቤቱ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከልጆቻችን የሚበዙት ግን ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊምና ፕሮቴስታንት ናቸው። ቀጥሎ የምጠቅሰው የእኛ ቤተ ክርስቲያን ቃል ቢሆንም ለሁላችሁም የሚሆን ይመስለኛል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ ማለትም የዓለም የካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ፣ ስለ ትምህርት ያወጣው መግለጫ ባለፈው ጥቅምት 18 ቀን 60 ዓመት ሞላው። መግለጫው ወላጆችን የልጆቻቸው የመጀመሪያና ዋነኛ አስተማሪዎች ይላቸዋል፤ የእነሱ ድርሻ ሲጎድል የሚተካው ነገር ማግኘት አዳጋች እንደሆነም ያክላል። ትምህርት ቤት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ሳነብላቸው «እኛ አልተማርንም፣ በምን እናስተምር?» የሚሉኝ አሉ። ከአሳዳጊዎቻችን መካከል ማንበብ የማይችሉ አንዲት አያት አሉ። ማታ ማታ እንጀራ ሲጋግሩ የልጅ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው «ዛሬ የጻፍሽውን አንብቢልኝ» ይሏታል። እየዘለለች ብታነብስ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ጣቷ ሲሮጥ አውቃለሁ» አሉኝ። ልጅቱ ከሦስተኛ ክፍል ጮክ ብላ በማንበብ የሚስተካከላት የለም።

እያንዳንዳችሁ እንደ እኚህ እናት ምድጃ አጠገብ ተቀመጡ ማለቴ አይደለም፤ ሁለት ነገር ግን እለምናለሁ። የልጁ ስልክ ማታ እናንተ ክፍል ይደር እንጂ ከልጁ ትራስ ሥር አይደር፤ ጠዋት ጠረጴዛ ላይ የሚያንቀላፉትን ልጆች እኛ በስም እናውቃቸዋለን። ሁለተኛው፣ በሳምንት አንድ ማታ፣ ለአሥር ደቂቃ እንኳን፣ ስልካችሁን አስቀምጣችሁ ደብተሩን አብራችሁ ግለጡ። ስልካችሁን ያልኩት የእናንተን ነው።

ስብሰባው ቅዳሜ ኅዳር 27 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይደረጋል። የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት አባላት ቀድመው በ2 ሰዓት ተኩል ይገኛሉ። ካርድ የሚሰጠው ለወላጅ ወይም ለአሳዳጊ ብቻ ነው፤ ለታላቅ ወንድም አንሰጥም። በዕለቱ የእያንዳንዳችሁን ስልክ ቁጥር እንደገና እንመዘግባለን፤ ስለዚህ መታወቂያችሁንና ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ። እናንተ ፊት ቆመን እንደውላለን፤ የሚጮኸው ስልክ በእጃችሁ ያለው መሆን አለበት። ቅዳሜ ሥራ ለምትገቡ ሰኞና ማክሰኞ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ቢሮዬ ክፍት ነው። የጾም ቡና አለ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ርዕሰ መምህርት

ማሳሰቢያ፦ ከደብዳቤው ጋር የተያያዘውን የመቀበያ ወረቀት በገዛ እጃችሁ ፈርማችሁ እስከ ዓርብ ላኩልን። ፊርማው በምዝገባ ቅጹ ላይ ካለው ጋር ይመሳከራል። የአምስተኛ ክፍልን በተለይ እኔ ራሴ አያለሁ።