የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ረቂቅ ሕግ ሲመልሱ የድምፅ ቆጠራውም ይዘገብልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት አንድን ረቂቅ ሕግ አልፈርምም ብለው በመለሱ ቁጥር የአማርኛ መገናኛ ብዙኃን አብዛኛውን ጊዜ «ፕሬዚዳንቱ ሕጉን ውድቅ አደረጉ» ብለው ዜናውን እዚያው ይዘጉታል። አንባቢውም ነገሩ ያለቀለት ይመስለዋል። ስለዚህ በእንዲህ ያለው ዜና ውስጥ ረቂቁ በሁለቱም የኮንግረሱ ምክር ቤቶች፣ ማለትም በተወካዮች ምክር ቤትና በሴኔቱ፣ በስንት ድምፅ እንዳለፈ አብሮ እንዲገለጽ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በአሜሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 1 ክፍል 7 መሠረት ፕሬዚዳንቱ ያልተቀበሉትን ረቂቅ ከነተቃውሟቸው ወደ መነጨበት ምክር ቤት ይመልሱታል፤ ያ ምክር ቤት እንደገና መርምሮ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካጸደቀውና ሌላውም ምክር ቤት በዚያው መጠን ከተስማማ ረቂቁ ያለ ፊርማቸው ሕግ ይሆናል። ሁለት ሦስተኛው የሚሰላው ከጠቅላላው የአባላት ቁጥር ሳይሆን ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቶ ድምፅ ከሰጡት ነው። በመሆኑም ፕሬዚዳንቱ ውሳኔያቸውን ለማጽናት የኮንግረሱን ግማሽ ከጎናቸው ማሰለፍ አይጠበቅባቸውም፤ ከአንደኛው ምክር ቤት ከሲሶ ጥቂት የሚበልጥ ድምፅ ይበቃቸዋል።

ለእኛ ለአፍሪካውያን ቅርብ የሆነውን ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1986 ኮንግረሱ በአፓርታይድ ሥርዓት ላይ ማዕቀብ የሚጥለውን ረቂቅ ሲያጸድቅ በሴኔቱ 84 ለ14፣ በተወካዮች ምክር ቤት 308 ለ77 ድምፅ ተሰጥቶ ነበር። ረቂቁ በደቡብ አፍሪካ አዲስ የአሜሪካ መዋዕለ ንዋይ እንዳይፈስ የሚከለክል፣ የድንጋይ ከሰሏና የብረቷ ምርት ወደ አሜሪካ እንዳይገባ የሚያግድ፣ የአየር መንገዷንም በአሜሪካ የማረፍ መብት የሚነሳ ነበር። ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን መስከረም ወር መጨረሻ ላይ ረቂቁን መለሱት። ይሁን እንጂ ከላይ ያሉትን ቁጥሮች ያየ ሰው ውጤቱን አስቀድሞ መገመት ይችል ነበር። የተወካዮች ምክር ቤት በ313 ለ83፣ ሴኔቱ ደግሞ በ78 ለ21 የፕሬዚዳንቱን ውሳኔ ሽረው ሕጉን አጸኑት። ሴኔቱ በዚያን ጊዜ በራሳቸው በሬገን ፓርቲ አብላጫ የተያዘ ነበር፤ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴው ሊቀመንበር ሪፐብሊካኑ ሪቻርድ ሉገርም ሽረቱን በግንባር ቀደምትነት ደግፈዋል። ኔልሰን ማንዴላ ገና በእስር ላይ በነበሩበት ዓመት የተሰጠ ድምፅ ነውና፣ ዜናው «ሬገን ማዕቀቡን ውድቅ አደረጉ» በሚለው ላይ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ለአንባቢው ምን ያህል እንደሚጎድልበት መገመት አያዳግትም።

በተቃራኒው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ዶናልድ ትራምፕ በደቡቡ ድንበር ላይ ያወጁትን የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ለማንሳት የቀረበው የውሳኔ ሐሳብ በተወካዮች ምክር ቤት በ245 ለ182፣ በሴኔቱ በ59 ለ41 አለፈ። ፕሬዚዳንቱ ሲመልሱትም የሽረት ሙከራው በ248 ለ181 ከሸፈ፤ 286 ድምፅ ያስፈልግ ነበርና።

አንዳንድ አንባቢ ከ2,500 በላይ ከሆኑት የፕሬዚዳንቶች እምቢታዎች የተሻሩት ከመቶ ጥቂት ቢበልጡ ነውና ይህ ሁሉ ዝርዝር ለምን አስፈለገ ይል ይሆናል። እኔ ግን ቁጥሩ የሚሠራው ከእምቢታው በፊትም ጭምር ነው እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 በሩሲያ፣ በኢራንና በሰሜን ኮሪያ ላይ የተጣለው የማዕቀብ ረቂቅ በ419 ለ3 እና በ98 ለ2 ድምፅ ሲቀርብላቸው፣ ትራምፕ ጉድለት አለበት እያሉም ፈርመውበታል።

የእኛ አገር አሠራር ከዚህ የተለየ መሆኑ ማብራሪያውን ይበልጥ ተፈላጊ ያደርገዋል። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 57 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያወጣውን ሕግ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀናት ውስጥ ካልፈረሙበት፣ ሕጉ ያለ ፊርማቸው በሥራ ላይ ይውላል። በዚህ ሥርዓት የለመደ አንባቢ የአሜሪካን ዜና በዚያው መነጽር ሊያየው ይችላል።

ሌላም ጥያቄ አለኝ፤ ከድምፁ ጋር ቀኑም ቢጻፍልን መልካም ነው። አሜሪካ ውስጥ ፕሬዚዳንቱ እሑድን ሳይጨምር በ10 ቀናት ውስጥ ሳይፈርሙ ወይም ሳይመልሱ ከቀሩ ረቂቁ ሕግ ይሆናል፤ ነገር ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ ኮንግረሱ ተበትኖ ረቂቁን መመለስ ካልተቻለ ረቂቁ ሕግ ሳይሆን ይቀራል፤ ያኔ የሚሻር ነገር ስለማይኖር ደጋፊዎቹ በሚቀጥለው ጊዜ እንደ አዲስ ማቅረብ ብቻ ይሆናል ምርጫቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣው አንባቢ