መባው ለምን ቀነሰ?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በካቶሊክ ቁምስናዎች (አጥቢያዎች) የእሑድ መባ ስለ መቀነሱ ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥፋቱን በምእመኑ ቸልተኝነት ላይ ጥሎታል። እኔ ግን ምክንያቱ የሒሳብ ዝምታ ነው ባይ ነኝ። ገንዘቧን አራት ቦታ አጣጥፋ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ የምትከት መበለት የት እንደ ደረሰ የማወቅ መብት አላት። ይህ የእኔ ምኞት ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ፣ ሕገ ቀኖና፣ በቁጥር 537 እያንዳንዱ ቁምስና የገንዘብ ምክር ቤት እንዲኖረው፣ በቁጥር 1287 ደግሞ ስለ ሰጡት ሀብት ለምእመናን ሒሳብ እንዲቀርብ ያዝዛል። ለድሆች የተሰጠም ለድሆች ብቻ ይውላል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ቢያፈስ እንኳ።

ስለዚህ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ገቢውን፣ ወጪውንና የተረዱትን ቤተሰቦች ቁጥር፣ ስም ሳይጠቀስ፣ የሚያሳይ አንድ ገጽ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይለጠፍ።

አንድ የቁምስና ምእመን