ከግንቡ በፊት ጉድጓዱ ይታይ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ፓሲፊክ ዝቅተኛ ደሴቶች የሚወጡ ዘገባዎች አብዛኛውን ጊዜ መደምደሚያቸው አንድ ነው፤ ደሴቶቹ ሊሰጥሙ ስለሆነ የባሕር መከላከያ ግንብ ይሠራላቸው የሚል። የውሃና የባሕር ዳርቻ ሥራ ባለሙያዎች እንደመሆናችን በዚህ ቅደም ተከተል አንስማማም። በቱቫሉ፣ በኪሪባስና በማርሻል ደሴቶች አብዛኛው መሬት ከባሕር ወለል ያለው ከፍታ ከ2 እስከ 3 ሜትር ቢሆን ነው። ይሁንና መሬቱ በባሕር ከመሸፈኑ ብዙ ቀደም ብሎ ነዋሪውን የሚፈትነው የጉድጓዱ ውሃ ጨዋማ መሆን ነው።

እነዚህ ደሴቶች ወንዝ የላቸውም። መሬቱ አሸዋና የኮራል ስብርባሪ ስለሆነ ዝናቡን ይመጠዋል፤ የዝናቡ ውሃም ከሥር ካለው ጨዋማ የባሕር ውሃ ስለሚቀል ዘይት በውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ከላይ ይተኛል። በስሌት ከባሕር ወለል በላይ 1 ሜትር የቆመ ውሃ ከሥሩ 40 ሜትር ያህል ጨው የሌለው ውሃ አለው ይባላል። በተግባር ግን ከባሕር ወለል በላይ የሚቆመው ውሃ በሴንቲሜትር የሚለካ ነው፤ የባሕሩ ሙላትና ጉድለትም ሁለቱን ውሃ ያለማቋረጥ ስለሚያደባልቅ ጨው የሌለው ውሃ ሽፋን ከስሌቱ በጣም ይሳሳል።

ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ በኃይለኛ ፓምፕ መሳብ እዚህ ላይ ትልቅ ጥፋት ነው። ከሥር ያለው ጨዋማ ውሃ በሾጣጣ ቅርጽ ወደ ፓምፑ ይወጣል፤ ፓምፑ ቢቆምም ቶሎ አይመለስም። ለኪሪባስ ዋና ከተማ ለደቡብ ታራዋ ውሃ የሚሰጠው የቦንሪኪ ጥብቅ ቦታ የተሠራው በሌላ ዘዴ ነው፤ ባለ ቀዳዳ ቧንቧዎች ከውሃው ገጽ ጥቂት ዝቅ ብለው በአግድም ይቀበራሉ፣ ውሃውም ከላይ ከላይ በዝግታ ይቀዳል። የጨው መጠኑ የሚታወቀው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን በመለካት ነው፤ በኪሪባስ የተለመደው ወሰን 2,500 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር ሲሆን የባሕር ውሃ ወደ 50,000 ይደርሳል። ንባቡ ወደ ወሰኑ ሲጠጋ ፓምፑ መቀነስ አለበት። ይህን የሚያደርግ ሰራተኛ ደመወዙ ካልተከፈለው የቧንቧው ጥራት ብቻውን ምንም አይፈይድም። የመሬት ጉዳይም አለ፤ መንግሥት ለጥብቅ ቦታው ባለመሬቶች ኪራይ ይከፍላል፣ በላዩ ላይ ቤት ሲሠራና መጸዳጃ ሲቆፈር ግን ፍሳሹ በአሸዋው አልፎ በቀጥታ ውሃው ውስጥ ይገባል።

ማዕበል ደሴቱን ሲያጥብ ደግሞ ጨው ከላይ ይመጣል። በ2005 ፐርሲ የተባለው አውሎ ነፋስ የኩክ ደሴቶች አካል የሆነችውን ፑካፑካን ከመታ በኋላ የከርሰ ምድር ውሃው እስኪያገግም 11 ወር ገደማ ፈጅቷል። የባሕሩ ውሃ በቀላሉ የሚገባው በክፍት ጉድጓዶችና በረግረግ ጎደሬ ማሳዎች ነው። በኪሪባስ ባባይ፣ በቱቫሉ ፑላካ የሚባለው ይህ ጎደሬ ሥሩ ውሃ እንዲያገኝ እስከ ከርሰ ምድር ውሃው በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ይተከላል፤ ጨው ከገባ ይሞታል። የጉድጓዱን አፍ በሲሚንቶ ከፍ አድርጎ መክደን ርካሽ መከላከያ ነው። ከጥፋቱ በኋላ ጉድጓዱ ውስጥ የቀረውን ጨዋማ ውሃ ቀስ ብሎ ቀድቶ ማፍሰስ ይበቃል። በፓምፕ አብዝቶ መሳብ ግን የሥሩንም ጨው ይጠራል።

ሁለተኛው ምንጭ ጣሪያ ነው። 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ከ1 ሚሊሜትር ዝናብ፣ ብክነቱ ሲቀነስ፣ 40 ሊትር ያህል ይሰጣል። ስድስት ሰው ለመጠጥና ለማብሰል በቀን 60 ሊትር ቢጠቀም ለ6 ወር ድርቅ 10,800 ሊትር ያስፈልጋል። ይህን ለመሙላት 270 ሚሊሜትር ዝናብ ይበቃል፤ በቱቫሉ ዋና ከተማ በፉናፉቲ በአማካይ የአንድ ወር ዝናብ መሆኑ ነው። እንግዲህ በብዙ ቤት የሚያንሰው ማጠራቀሚያው ነው፤ 5,000 ሊትር ታንከር ለሦስት ወር እንኳ አይበቃም። በ2011 ቱቫሉ ላ ኒኛ የተባለው የፓሲፊክ ውቅያኖስ ውሃ መቀዝቀዝ ባመጣው ድርቅ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ስታውጅ ችግሩ በግልጽ ታይቷል።

የሚበላሸው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ አሸንዳው ነው። የብረት መያዣው በባሕር ጨው ይዝጋል፣ አሸንዳው ይጎብጣል፣ ውሃው ከታንከሩ ውጭ ይፈስሳል፤ ስለዚህ ፕላስቲክ አሸንዳና የማይዝግ መያዣ፣ በየሜትሩ ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲሜትር ተዳፋት ያስፈልጋል። ለዚህ መጠን ጣሪያ የመጀመሪያውን 25 ሊትር ቆሻሻ ውሃ ወደ ጎን የሚያስቀር ቧንቧም ይገጠማል፤ ከሥሩ ትንሽ የማንጠባጠቢያ ቀዳዳ ከሌለው ግን እንደሞላ ይቀርና የሚቀጥለውን ቆሻሻ ሁሉ ወደ ታንከሩ ይለቃል።

ግንቡን በተመለከተ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ግንብ ሞገዱን ወደ ባሕር ስለሚመልሰው ከፊቱ ያለው አሸዋ ይታጠባል፤ ጫፎቹ ላይ ያለው የጎረቤት ዳርቻም ይሸረሸራል። ድንጋዩና አሸዋው ከዚያው ዳርቻ ከተለቀመ ጉዳቱ ይብሳል። ደሴቶቹ በአሸዋ እንቅስቃሴ የሚኖሩ ናቸው፤ በ2018 የወጣ ጥናት ከ1971 እስከ 2014 የቱቫሉ 101 ደሴቶች ጠቅላላ ስፋት በ2.9 በመቶ መጨመሩን አሳይቷል። ይህ ማለት ደኅና ናቸው ማለት አይደለም፤ ስፋት መጨመር ከፍታ አይሰጥም፣ ማዕበሉም አይቀርም። በታራዋ ግን ደሴቶችን የሚያገናኙ የአፈር ድልድዮች የአሸዋውን መተላለፊያ ዘግተዋል፤ ቢኬማን የተባለችው ትንሽ ደሴት መጥፋት ብዙ ጊዜ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ከግንብ የተሻለው በፉናፉቲ በ2023 የተጠናቀቀው ሥራ ይመስለናል፤ ደሴቶቹ ከከበቡት ውስጠኛ ባሕር በተቀዳ አሸዋ 780 ሜትር የሚረዝም፣ 100 ሜትር የሚሰፋ ከፍ ያለ መሬት ተሠርቷል።

ባሕር ውሃን የሚያጣሩ ማሽኖች በ2011 ቱቫሉን ከጥም አድነዋል፤ በድርቅ ጊዜ ምትክ የላቸውም። ነገር ግን ማጣሪያ ሽፋኖቻቸው በየጊዜው መታጠብና መለወጥ አለባቸው፣ ኃይልም ይበላሉ፣ መለዋወጫው የሚመጣው በመርከብ ነው። ለጋሾች ማሽኑን ሲሰጡ ቢያንስ የአምስት ዓመት ማጣሪያና ፓምፕ አብረው ይላኩ፤ ከየደሴቱም ሁለት ሰው ለጥገና ይሠልጥን፣ አንዱ ሲሄድ ሌላው እንዲቀር።