ከመፈረምሽ በፊት

ውድ ልጄ ሕሊና፣

«ሴት ከጥንት ጀምሮ ከወንድ በታች ነበረች፤ አሁን ገና ቀና ማለት ጀመረች» ብለሽ የጻፍሽልኝን ስድስት ጊዜ ባነበው አልቀበለውም።

በፔሩ ተራሮች 9,000 ዓመት ገደማ የሆነው መቃብር ተቆፍሮ ነበር። ከአጽሙ ጋር የማደኛ የድንጋይ ስለቶች ስለተገኙ ቆፋሪዎቹ የታላቅ ወንድ አዳኝ መስሏቸው ነበር። ጥርሱ ሲመረመር ግን ሃያ ዓመት ያልሞላት ወጣት ሆና ተገኘች። ሩቅ ሳንሄድም፣ በኮንሶ ድንጋይ እየጠረቡ ቆዳ የሚፍቁት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ታዲያ የድንጋይ መሣሪያ በተነሣ ቁጥር ወንድ ብቻ የሚሣለው ለምንድን ነው?

እኔ እንደማምነው፣ በእኛ አገር ነገሩን ያከረረው ሞፈርና ቀንበር ነው። በሬ ጠምዶ ማረስ የወንድ ሥራ ሆነ። ሴቷ ጓል ትሰብራለች፣ ታርማለች፣ ታጭዳለች፤ ገበሬ የሚባለው ግን እሱ ነው። በሰሜኑ ደጋ ሴት ልጅ ከአባቷም ከእናቷም ወገን ርስት መጠየቅ ትችል ነበር። ሆኖም የሚያርስላት ወንድ ከሌለ መሬቷን ለእኩል ትሰጥና ከምርቱ ግማሹን ታጣለች።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ዘመናዊ የተባለው ሕግ ነው። እቴጌ ጣይቱ የውጫሌን ውል አሻፈረኝ ያሉባት፣ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ የነገሡባት አገር በ1952 ዓ.ም. ባወጣችው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አደረገች፤ ሚስትም እንድትታዘዘው ደነገገች። የጋብቻ ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ነበር። እኔም የተዳርሁት በዚያ ሕግ ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግማ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በፈቃዷ ካገባት አይከሰስም ይል ነበር። በፈቃዷ! ተጠልፋ ከቤት የተዘጋባት ልጅ ምን ፈቃድ አላት?

የቤተሰብ ሕጉ በ1992 ዓ.ም. ተሻሽሎ ባልና ሚስት በቤታቸው እኩል ሆኑ፤ ዕድሜውም ለሁለቱም 18 ሆነ። የጠለፋው ማምለጫ የተዘጋው ከዚያ በኋላ በወጣው የወንጀል ሕግ ነው። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አባላት ለዚህ ስንት እንደደከሙ ስለማውቅ፣ መብቱ በራሱ ጊዜ የመጣ ሲመስልሽ ያመኛል።

አክስትሽ እንኳ የመሬት ደብተሩ ላይ ስሟና ፎቶዋ ከባሏ ጎን ከወጣ ወዲህ፣ እሷ ሳትስማማ ማሳው አይከራይም።

ስለዚህ የምትገዙት ቤት ካርታ በሁለታችሁም ስም ይውጣ። የጋብቻ ውሉን ረቂቅም ከመፈረምሽ በፊት ላኪልኝ፤ ከአባትሽ ጋር ቁጭ ብለን እናነበዋለን።

እናትሽ