አባዬ፣ መንገዱ ሰላም ብቻ አልነበረም

አሰላሙ አለይኩም አባዬ፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ ተሻለው? እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሥራም ጀምሬአለሁ።

የደረስኩ ዕለት ስደውልልህ «መንገዱ እንዴት ነበር?» አልከኝ። «ሰላም ነው» ብዬ ወደ ሌላ ወሬ አለፍኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ይቺ መልስ ያንተ መሆኗ ትዝ አለኝ። የጭነት መኪናህን ነድተህ ከአሰብ ወደብ ስትመለስ እማዬ፣ አላህ ይዘንላትና፣ የእጅ ውሃ እያስታጠበችህ «መንገዱ እንዴት ነበር?» ትልህ ነበር። አንተም «ሰላም ነው» ትልና ቁጭ ትላለህ። ስምንት ቀን፣ አንዳንዴም አሥር ቀን የቆየህበት መንገድ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። ልጅ ስለነበርኩ አመንኩህ።

እኔ ግን የራሴን እንደነበረ ልጻፍልህ።

ከኮምቦልቻ የተነሳሁት ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው። ዴንቨር ስወርድ በእናንተ ሰዓት ሦስተኛው ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ሆኗል። ቆጠርኩት፤ 46 ሰዓት። አየር ላይ የነበርኩት 22ቱን ብቻ ነው። 24ቱን የበላው መጠበቅ ነው። ይኸውልህ፣ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ወንበር ላይ።

ቦሌ ለ11 ሰዓት ተኩል ያህል ጠበቅሁ። ከተማ ልውጣ ብል መንገዱ ይዘጋብኛል ብዬ ፈራሁ። ስለ ቦሌ ብዙ የምነግርህ የለም። አክስቴ በእጅ ቦርሳዬ የከተተችው ማር ግን ፍተሻ ላይ ቀረ። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በእጅ ይዞ መሳፈር አይፈቀድም፤ ማርም እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጠረው። ለእሷ አልነገርኳትም። አንተም አትንገራት፣ ታዝናለች።

ቀጥሎ ያለውን ከማንም በላይ የምትረዳልኝ አንተ ነህ። ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አውሮፕላን መንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት አየርላንድ፣ ደብሊን አረፈ። እኛ ከወንበራችን አልተነሳንም። ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብለን ጠበቅን። አጠገቤ የነበሩት ሰውዬ «ስንመለስ እኮ በቀጥታ ነው የምንመጣው፣ አሁን ለምን ይቆማል?» አሉኝ። ነገሩ ከፍታው ነው። ቦሌ ከባህር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ታንኩን ሞልቶ፣ ሰውና ጭነቱን ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ ነዳጁን ቀንሶ ይነሳና መንገድ ላይ ይጨምራል። ከዋሽንግተን ሲነሳ ግን ቦታው ዝቅ ያለ ስለሆነ ሞልቶ ይነሳል። ይህን ሳስረዳቸው የሐረጎ ዳገት ዓይኔ ላይ መጣ። ኤንትሬዋ፣ የጭነት መኪናህ፣ ከነተሳቢዋ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጣ፣ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች፣ ረዳትህ የጎማ ታኮ ይዞ ከጎኗ በእግሩ ሲሄድ። አንተ ከባህሩ ዳር ተነስተህ 2,500 ሜትር ገደማ የምትወጣውን መንገድ እኔ በተቃራኒው ስወርደው ነበር ማለት ነው።

ዋሽንግተን ስንደርስ ከአውሮፕላኑ ወደ ዋናው ሕንፃ የወሰደንን መኪና ብታይ ደስ ባለህ። ቤት የሚያህል ነው። ጎማው ትልልቅ ነው፣ ከመሬት በጣም ከፍ ብሎ ይቆማል። መሪው በሁለቱም ጫፍ ስላለ መዞር የለበትም፤ ሹፌሩ ብቻ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይሄዳል። አውሮፕላን ማረፊያው በ1962 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ጀምሮ የነበረ ዓይነት ነው። ፎቶ አንስቼልሃለሁ፣ በቴሌግራም ይደርስሃል።

እዚያ የመጀመሪያው መግቢያ ላይ ሻንጣህን ራስህ ወስደህ፣ በጉምሩክ አልፈህ፣ መልሰህ ታስረክባለህ። ሽሮና በርበሬ እንደያዝኩ ተናገርኩ፤ አይተው አሳለፉኝ። ሚሌ ኬላ ላይ ጭነት ስታስፈትሽ እንደምትቆመው ቆምኩ።

ከዚያ በኋላ ነው የከበደኝ። የዴንቨሩ በረራ ከቀኑ 11 ሰዓት ነበር። ነጎድጓድ ስለነበረ ወደ 12 ተገፋ። ከዚያ ወደ 1 ተኩል። ከዚያ ወደ 3። ሰሌዳው ላይ ቁጥሩ በተቀየረ ቁጥር ሰዉ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይደውላል። በእናንተ ሌሊት ስለነበረ እኔ የምደውልለት አልነበረኝም።

ብቻህን ስትጓዝ ክፉው ነገር ምን እንደሆነ ታውቃለህ አባዬ? ዕቃ የሚጠብቅልህ ሰው የለም። ሽንት ቤት ልሂድ ስል የእጅ ሻንጣ፣ ቦርሳና ጋቢ እየጎተትኩ ነው። ተመልሼ ስመጣ ወንበሬ ተይዟል። ውሃ ልግዛ ብል እንደዚያው። እንቅልፍ ሲጥለኝ የቦርሳውን ማንገቻ እግሬ ላይ ጠምጥሜ ነው የማሸልበው። ደግሞ በድምፅ ማጉያው ዕቃችሁን ለማታውቁት ሰው አትስጡ እያሉ ይለፍፋሉ።

ጋቢህን ስትሰጠኝ «ይከብደኛል» ብዬ ተነጫንጬ ነበር፣ አፉ በለኝ። የማቀዝቀዣው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ራሴን ሸፍኜ ተጠቅልዬ ሳለ ዊልቸር የምትገፋ ሴት ፊቴ መጥታ ቆመች። ጥለቱን አየችው።

«የኛ ሰው ነሽ?»

«አዎ።»

«የት ነሽ?»

«ደሴ።»

«ደሴ የት?»

«ሸዋ በር።»

«እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ» አለችና አጠገቤ ተቀመጠች። የዕረፍት ሰዓቷ ነበር። ሶላት እንዳልሰገድኩ ስነግራት «ሂጂ፣ አብሽሪ፣ ዕቃሽን እኔ አየዋለሁ» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ የሰማሁትን ማስጠንቀቂያ ትቼ ፓስፖርቴን ብቻ ይዤ ተነሳሁ። ተጣጥቤ፣ ጥግ ፈልጌ፣ ዙህርና አስርን አጣምሬ፣ ሁለት ሁለት ረከዓ አሳጥሬ ሰገድኩ። ለመንገደኛ እንደሚፈቀድ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ስመለስ እጇ የሻንጣዬ እጀታ ላይ ነው። አንዴም አላነሳችውም መሰለኝ። በሁለት እጄ ባዶነት ስመላለስ የተሰማኝ ቅለት እስካሁን አብሮኝ አለ።

ያኔ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። አንድ ቀን በረንዳ ላይ ለጓደኛህ ስትነግረው ሰምቼህ ነበር። ረዳትህ ታሞ የቀረበት ጉዞ ነው መሰለኝ። «ውሃው ሃምሳ እርምጃ ላይ ነበር፤ መኪናዋን ጥዬ አልሄድ ብዬ ሳልጠጣ አደርኩ» አልከው። በውሃ ፈንታ በአፈር ተየሙም አድርገህ እንደሰገድክም ነገርከው። እሱ ራሱን ነቀነቀ። እኔ በልጅነቴ «ለምን ሮጥ ብሎ አይመጣም?» ብዬ አሰብኩ። በዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ገባኝ።

የአሰብ መንገድ በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተነሳው ጦርነት ሲዘጋ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤት መዋል ስትጀምር ደስ ብሎኝ ነበር። አንተ ምን ሆነህ እንደነበር አልጠየቅሁህም። ከዚያም በኋላ አልጠየቅሁህም። ደሴ በከረምኩበት ወር እንኳ ስለ እኔ ሥራና ስለ ጉልበትህ አውርተን ነው የጨረስነው።

አሁን እየጠየቅሁህ ነው። ለወንድሜ ልጅ ነግሬዋለሁ። ማታ ማታ ቡና ሲፈላ ስልኩን አጠገብህ ያስቀምጥልሃል፣ አንተ ዝም ብለህ አውራ። እርዝመቱ አያስጨንቅህ፤ በሥራ መንገዴ ላይ አዳምጠዋለሁ። ከባቲ ጀምርልኝ። ሚሌ የት ትተኛ ነበር? ሎግያ ላይ ማን ያበላህ ነበር? አሰብ ወደብ ጭነት ስትጠብቅ ወረፋው ስንት ቀን ይፈጅ ነበር? ያ ሁሉ ሙቀት፣ ያ ሁሉ ሌሊት፣ ብቻህን ሆነህ ስለ ማን ታስብ ነበር?

ጋቢህን አላጠብኩትም። አልጋዬ ላይ ነው ያለው።

ለአክስቴ፣ ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላም በልልኝ። ዱአህ አይለየኝ።

ልጅህ