የምርምርና ጽሕፈት ክበብ ዘገባ፦ የማጠቃለያ ዓመት

ክበባችን ዘንድሮ አባላቱን በአምስት ቡድን ከፍሎ አምስት ጥናታዊ ጽሑፎችን ከዳር አድርሷል። ርዕስ መረጣው፣ መጠይቅ ዝግጅቱና የመረጃ ማሰባሰቡ በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት በጥሩ ሁኔታ ስለተከናወነ ብዙ አልልበትም። ሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት የወሰደብን ግን ማጠቃለያ መጻፍ ነው። በርካታ ገጽ የውጤት ትንተና ያለ ችግር የጻፉ ልጆች ግማሽ ገጽ ማጠቃለያ ላይ ሲደርሱ ብዕራቸው ይቆም ነበር።

አይፈረድባቸውም። ዘዴውንና ውጤቱን ሲጽፉ የሠሩትንና ያዩትን ይናገራሉ፤ ማጠቃለያው ግን ፍርድ ይጠይቃል። አንባቢው «ታዲያ ከዚህ ምን እንረዳ?» ይላል፤ መልሱን መስጠት የጸሐፊው ፋንታ ነው። ከዚህ ጥያቄ ለማምለጥ ከፊሎቹ መግቢያቸውን በሌላ ቃል ደገሙት። ከፊሎቹ ደግሞ መረጃቸው ከሚሸከመው በላይ ተናገሩ።

ለዚህ ስለ እንቅልፍ ያጠናው ቡድን ሥራ ጥሩ ማሳያ ነው። የመጀመሪያ ረቂቃቸው «ማታ ስልክ መጠቀም የተማሪዎችን ውጤት እንደሚቀንስ ተረጋግጧል» የሚል ነበር። ረቂቁ በክበቡ ፊት ሲነበብ ከታናናሾቹ አባላት አንዷ «ስልክ ይዘው የሚያመሹት ትምህርቱ ስለከበዳቸው ቢሆንስ?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ የዓመቱ ምርጥ ጥያቄ ነበር ብዬ አምናለሁ። ቡድኑ ተመልሶ ከተወያየ በኋላ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «መጠይቁን ከሞሉት የሁለት ክፍል ተማሪዎች መካከል ከመኝታ በፊት ስልክ አብዝተን እንጠቀማለን ያሉት በአማካይ ዝቅ ያለ ውጤት አላቸው። ጥናታችን ሁለቱ ነገሮች አብረው እንደሚታዩ ያሳያል እንጂ አንዱ ለሌላው መንስኤ መሆኑን አያሳይም። ይህንን ለመለየት የተማሪዎቹን የቀደመ ውጤትም የሚያነጻጽር ጥናት ያስፈልጋል።»

«ተረጋግጧል» የሚለው ቃል መውጣቱ መጀመሪያ ላይ አሳዝኗቸው ነበር፤ ጽሑፉ የደከመ መስሏቸው። እኔ ግን የጠነከረው ያን ጊዜ ነው እላለሁ፤ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ማስረጃ አለውና። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገርም «ወደፊት ተጨማሪ ጥናት ቢደረግ» ከሚለው የተለመደ አባባል ይለያል። ቀጣዩ ተመራማሪ ምን መለካት እንዳለበት በግልጽ ይነግረዋል።

በመጠን ስለመናገር ስንወያይ ሳይንቲስቶቹ ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ እ.ኤ.አ. በ1953 የዘር መረጃ ተሸካሚ የሆነውን የዲ.ኤን.ኤ.ን መዋቅር ያሳወቁበትን፣ «ኔቸር» መጽሔት ላይ የወጣውን አጭር ጽሑፍ አንስተናል። መዋቅሩ የዘር መረጃ እንዴት እንደሚገለበጥ ሊጠቁም እንደሚችል በጽሑፉ መጨረሻ አካባቢ በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ጠቁመው አለፉ፤ ሐሳቡን ያብራሩት ከሳምንታት በኋላ በሌላ ጽሑፍ ነው። ያን ያህል ትልቅ ግኝት በእጃቸው ይዘው እንኳ ቃላቸውን መመጠናቸው ልጆቹን አስገርሟቸዋል።

በተግባር ከሁሉ የጠቀመን መግቢያውንና ማጠቃለያውን በመካከላቸው ካለው ጽሑፍ ነጥሎ ጎን ለጎን ማንበብ ነው። መግቢያው ላይ የተነሣው የምርምር ጥያቄ ማጠቃለያው ላይ መልስ ካላገኘ ክፍተቱ ወዲያው ይታያል። በትንተናው ያልነበረ አዲስ አኃዝ ወይም አዲስ ዋቢ ማጠቃለያው ውስጥ ብቅ ካለም በዚሁ ንባብ ይያዛል። እንዲህ ያለው መረጃ ወይ ወደ ትንተናው ይመለሳል ወይ ይወጣል።

ስለ ዕፅዋት ያጠኑትን ልጆች ሳላመሰግን አላልፍም። ሙዚቃ የባቄላን ዕድገት ያፋጥናል ብለው ነበር የተነሡት። በልኬታቸው ግን ሙዚቃ በተከፈተላቸውና ባልተከፈተላቸው ችግኞች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። ውጤቱን አለሳልሰው ማቅረብ ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን ማጠቃለያቸውን «መላምታችን በመረጃው አልተደገፈም» ብለው ጀመሩት፤ ቀጥለውም የችግኞቹ ቁጥር ማነሱንና ትንሽ ልዩነት ቢኖር እንኳ ላይታይ እንደሚችል ገለጹ። በዓመቱ ካነበብኳቸው ማጠቃለያዎች አብልጬ የምወደው ይህንን ነው።

አምስቱም ጽሑፎች በቤተ መጻሕፍቱ ለንባብ ተቀምጠዋል። በሚቀጥለው ዓመት ክበቡ አጽሕሮተ ጥናት (የጥናቱ አጭር መግለጫ) አጻጻፍ ላይ ያተኩራል፤ ዘንድሮ በጊዜ እጥረት በሚገባ አልሠራንበትም። አዲስ አባላት ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያው ወር መመዝገብ ይችላሉ፤ የሚያጠኑትን ጥያቄ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጽፈው ይምጡ።