ፊታውራሪ ገበየሁን በሞቱ ብቻ አናስታውሰው

ለአዘጋጁ፦ ስለ አድዋ ጀግኖች ያወጣችሁትን ጽሁፍ አነበብኩት፣ ፊታውራሪ ገበየሁን ግን «በጦር ሜዳ ወደቀ» ብላችሁ ነው ያለፋችሁት። ይሄ አይበቃም፣ ምክንያቱም የካቲት 23 ቀን 1888 አድዋ ላይ ከመውደቁ በፊት ህዳር 28 አምባላጌ ላይ መሽጎ የነበረውን የጣሊያናዊውን አዛዥ የሜጀር ቶዜሊን ጦር ከመቱት አዛዦች አንዱ እሱ ነው፣ ሽቅብ እየተኮሱ ተራራ ወጥቶ ምሽግ መስበር እኮ ቀላል ነገር አይደለም፣ ወደ መቀሌ የሚወስደው መንገድም የተከፈተው በዛ ድል ነው። ደሞ አሟሟቱን ብቻ ስናወራ ልጆቻችን ጀግንነት መሞት ብቻ ይመስላቸዋል፣ እንዴት እንዳዘዘና እንደመራ አያውቁም። ስለዚህ በየዓመቱ ህዳር 28 አንድ ሙሉ ገጽ ስጡት፣ የአምባላጌን ውጊያ በካርታ አሳዩ፣ የታሪክ አስተማሪዎችም ክላስ ውስጥ እንዲጠቀሙበት በፒዲኤፍ ልቀቁት።